«ቤት ተሰጥቷቸዋል» እያላችሁ አታድክሙን

ሰሞኑን አንድ የከተማ ጉዳይ ተንታኝ በሬዲዮ ቀርበው ስለ ልማት ተነሺዎች ተጠየቁ። ለማሰብ እንኳ ፋታ አልወሰዱም። «ከጭቃ ቤት ወጥተው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ሻወር ያለው ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አሉ። ጠያቂው ሳቅ ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

ይህቺ ሻወር የማትገባበት ወሬ የለም። ስለ ድሃ ቤት በተነሳ ቁጥር ሻወር አለው፣ ሴራሚክ አለው ይባላል። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እሱንም ልተወው። ቤቱ እንከን የለሽ ነው እንበል። የሰውዬው ንግግር ያን ጊዜም ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ግን ያቺን «ጭቃ ቤት» የምትለውን ቃል እንያት፤ የሰውዬው ምላስ ላይ እንደ ስድብ ነበረችና። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በመሀል አዲስ አበባ የሚኖረው ድሃ በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። አከራዩ መንግሥት ነው ማለት ነው። ኪራዩ ለማኪያቶ እንኳ አይበቃም ነበር፤ አልክድም። ተከራዩ ግን ቆርቆሮ ልቀይር፣ ግድግዳ ልለጥፍ ካለ ፈቃድ ማምጣት አለበት፤ ለፈቃዱ ሲመላለስ ክረምቱ ይወጣል። አከራዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳያድስ ኖሮ አንድ ቀን መጥቶ ቤቱ አርጅቷል አለ። በዚህ የሚያፍረው ተከራዩ የሆነው በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኚህ ሰው ሰፈርን የቤቶች ክምር አድርገው ነው የሚያዩት፤ አንዱን ቤት አንስቶ ሌላ ቦታ ሌላ ቤት ከሰጡ ሒሳቡ የተዘጋ ይመስላቸዋል። ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት ከተባበሩት መንግሥታቱ ኢሲኤና ከሆቴሎቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው የሚኖረው በቤቱ ሳይሆን በጎረቤቱ እንደነበር ባዩ ነበር። ጠላ የምትሸጠው ሴት ለቀን ሠራተኛው ምሳውን በዱቤ ታበላዋለች፤ ቅዳሜ ሲከፈለው ይከፍላታል። እሷ ከዚያችው ገንዘብ እቁቧን ትጥላለች። የእቁቡ ሰብሳቢ ባለሱቁ ነው፤ እሱ ደግሞ ጡረታቸው እስኪወጣ ለአዛውንቷ ስኳርና ዘይት በደብተር ይሰጣል። አዛውንቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሆቴል አልጋ የምታነጥፈውን ሴት ልጆች ይጠብቃሉ። እናትየው ከሆቴሉ እንግዳ ያገኘችውን የልብስ አጠባ ሥራ ባሏ ለሞተባት ጎረቤቷ ታመጣላታለች፤ የዚያች ልጅ አንድ ቢሮ በር ላይ ሊስትሮ ነው፤ ጎን ለጎን መኪና ይጠብቃል። አንዳቸውም ከአንዳቸው ጋር ውል አልተፈራረሙም። ከዚህ ሁሉ በማስተር ፕላኑ ካርታ ላይ ያለው የቆርቆሮው ጣሪያ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዲነሳ ተደርጓል፤ እድሩም አብሮ ሄዷል» ይባላል። ጥሩ። ሁሉም አንድ ላይ ተነሺዎች ወደተወሰዱበት ገላን ጉራ ገቡ እንበል። ሆቴሉስ አብሮ ሄደ? ቢሮው፣ የቀን ሥራው፣ ጫማ የሚያስጠርገው ባለ ከረቫት አቃቂ ቃሊቲ ጫፍ ድረስ ተከትሏቸው መጣ? የዚያ ሰፈር ገንዘብ የሚገባው ከውጭ ነበር፤ ከገባ በኋላ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ጠላ ሻጯን፣ አጣቢዋን፣ ሊስትሮውንና ባለሱቁን ብቻቸውን አንድ ግቢ ብታስቀምጣቸው እርስ በርስ ምን ይሸጣጣሉ? ፍቅሩ ይኖራል። ቡናውም ይጠጣል፤ ቡናው ግን በማን ብር ይገዛል?

ጠላውም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ላይ አይጠመቅም። የጋራ መጠቀሚያ ሕንጻ አለ ይሉኛል፤ አለ፣ ለእርድም ለእንጀራም ተብሎ የተሠራ። ደንበኛ ግን አብሮ አልተሠራለትም። የጉልት ሻጯ ደንበኛዋን ፍለጋ ሽንኩርቷን ይዛ መሀል ከተማ ብትመለስ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ደንብ አስከባሪ ይጠብቃታል። አምፖሉ የሚያምረው፣ አበባው የሚያምረው መንገድ። እኔም ማምሻውን እሄድበታለሁ፤ ደስ ይላል። ደስ ማለቱ ሽንኩርት አይሸጥላትም።

እዚህ ላይ ሌሎችንም አልምራቸውም። ፒያሳ መጋቢት 2016 ላይ ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያ ሄደው የመጨረሻ ጥብሳቸውን በልተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ «ትዝታችን ፈረሰ» ብለው ያለቀሱትን ማለቴ ነው። እዚያ ሰፈር ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ሰው ይኖር እንደነበር ያወቁት ስንቶቹ ናቸው? ሰውዬው ሻወር ይቆጥራሉ፣ እነዚህ ደግሞ ጥብስ ይናፍቃሉ።

ለነገሩ «ተሰጥቷቸዋል» የተባለው ለማን ነው? ምትክ ቤት ያገኘው ስሙ በቀበሌ መዝገብ የሰፈረ ነው። በመሀል ከተማ አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ግን ባለመዝገቡ ብቻ አይኖርም። ጓዳውን የተከራየ ደባል አለ፤ ማታ ማታ ቆጥ ላይ ለማደር የሚከፍል ከገጠር የመጣ ጉልበት ሠራተኛ አለ፤ ከደላላ ቤት ወጥታ ሥራ እስክታገኝ ዘመድ ዘንድ የተጠጋች ልጅ አለች። ከፈረሳው በኋላ እነዚህ ወዴት ሄዱ? ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሉም። ሳሎን ውስጥ ቆጥ አይሠራማ! ባለመዝገቧ ከእነሱ ታገኘው የነበረው ኪራይም አብሯቸው ሄዷል፤ ኮንዶሚኒየሙን በግዢ ከወሰደች ደግሞ በምትኩ የባንክ ዕዳ መጥቷል። የኮንዶሚኒየሙ ሃያ ሰማንያ ማለት ከመቶው ሃያውን ከኪስ፣ ሰማንያውን ከባንክ ብድር ማለት ነው። ብድር ስጦታ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው፤ ተንታኙ ግን «ተሰጥቷቸዋል» አሉ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጌታው። ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ የሄዱበትን ጫማ ማን ቦረሸው? ሸሚዝዎን ማን ተኮሰው? ማታ ቤትዎ የቀረበው እንጀራ የማን ምጣድ ላይ ነው የወጣው? እርስዎ ቤት የምትመላለሰው ሴት ድሮ ከበርዎ አሥር ደቂቃ ርቃ ትኖር ነበር። ዛሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ፣ በጨለማ ሰልፍ ይዛ፣ ታክሲ እየቀያየረች ነው ቡናዎን ለማፍላት የምትደርሰው። ከደመወዟ ላይ ታክሲው ሲነሳ የሚተርፈውን እሷ ታውቃለች። ጨምሩልኝ ያለች ቀን ደግሞ በየሳሎኑ የምንሰማው ሮሮ ይጀመራል፦ ሠራተኛ ጠፋ፣ ሠራተኛ ዋጋ ጨመረ፣ ዘንድሮ ሠራተኛ አይገኝም። አልጠፋችም፤ አርቀው ወስደዋት ነው። ልጆቿን ይጠብቁላት የነበሩት አዛውንትም ሌላ ብሎክ ላይ ናቸው፤ ደረጃ መውረድ አቅቷቸው ቤት ውለዋል።

እድሩንም «አብሮ ሄዷል» በሚል አንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። ሠላሳ ዓመት ያዋጣችበት እድር የተበተነባት ሴት አዲሱ ሰፈር ስትደርስ የምትጠየቀው የመግቢያ ገንዘብ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ከየጎረቤቱ በወር በወር በተዋጣ ሳንቲም የተገዛ ነበር። ለዚህ ግምት የሚያወጣ መሐንዲስ አላየሁም። በረንዳውን ግን በሜትር ይለካዋል።

የሚያስቀው፣ ሕጉ ከተንታኙ የተሻለ ማወቁ ነው። በ2011 የወጣው የካሣ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ካሣ የሚያስከፍል ጉዳት አድርጎ በስሙ ጠርቶ አስፍሮታል። የሕግ አውጪው ምክር ቤት እንኳ ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ ከግድግዳው ሌላ የሚያጣው ነገር እንዳለ አምኗል። ተንታኝ ተብሎ ማይክሮፎን የሚይዝ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያነብ «ምን ይፈልጋሉ?» ይላል።

ምን እንደሚፈልጉ ልንገራችሁ፤ ብዙ አይደለም። ከተማው ሲሠራ እነሱም ከተማው ውስጥ እንዲቀሩ ይፈልጋሉ። የማይቻል ነገር አልጠየቁም። በልደታና በሰንጋ ተራ አሮጌው ሰፈር በፈረሰበት መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ መሀል ከተማ ፎቅ ለድሃ አይሆንም የሚል የምሕንድስና ሕግ የለም። ያለው መሬቱ ለሊዝ ስንት ያወጣል የሚል ስሌት ነው። እሱን በግልጽ ንገሩንና እንከራከር። ቀጣዩ ሰፈር ሊፈርስ ቀይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ደግሞ መዝጋቢው ከባለ ስሙ አልፎ ደባሉን፣ ቆጥ ላይ የሚያድረውን፣ ባለ ዱቤ ደብተሩን ይመዝግብ። እስከዚያው ሻወሩን ተዉት።