«እጥፍ ሆነ!» ከስንት ወደ ስንት?

ከአንድ የሒሳብ ዕጩ መምህር

ጋዜጣ ከሚያነበው ሰው መካከል ብዙው አርእስት አንባቢ ነው። ትልልቁን ፊደል ያይና «እገሌ የሚባለው ምግብ ካንሰር ያመጣል አሉ» እያለ ወደ ሻይ ቤት ያመራል። እዚያ ሲደርስ ነገሩ አሉባልታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 በእንግሊዝ አገር የመድኃኒት ደኅንነትን የሚከታተለው ኮሚቴ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አዳዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ከቀድሞዎቹ በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ነበር። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እጥፍ የምትለዋን ቃል ይዞ ሮጠ። መቶ በመቶ ጭማሪ ማለት እኮ ነው፤ ማን አይደነግጥ!

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7000 ሴቶች መካከል በዓመት ደም የሚረጋባት አንዲት ገደማ ነበረች፤ አዲሱን ከሚወስዱ 7000 ደግሞ ሁለት። አንድ ሁለት ሲሆን እጥፍ ነው፣ ውሸት የለበትም። ኮሚቴውም ማስጠንቀቁ አያስወቅሰውም። ዳሩ ግን «ከ7000 ሴቶች አንዲት ጨመረች» ተብሎ ቢጻፍ ጋዜጣውን ማን ይገዛው ነበር? ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን ጣሉ። በተከታዩ ዓመት በእንግላንድና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ፅንስ ማስወረድ እንደ ደረሰ ይገመታል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ደም በማርጋት በኩል ከእንክብሉ የባሰ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

እኛ ቡና ጠጪዎችም ድርሻችን ደርሶናል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን ምናልባት የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ተርታ አሰልፎት ነበር። በ2016 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ከዚያ አወጣው። አሁን የሚጠረጠረው ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ነው፣ ቡና ሆነ ሻይ። ያ ተርታ ደግሞ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው ትልቅነት አይደለም። «ምናልባት» የምትባለዋ ምስኪን ቃል ግን አርእስት ላይ ቦታ አታገኝም።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ጤና ጣቢያው በራቀበት ቀበሌ የሚጠየቀው እኮ መምህሩ ነው። ነገ አንዲት እናት መጥታ «መምህር፣ መርፌው እንዲህ ያደርጋል ሲሉ ሰማሁ፣ ልተወው እንዴ?» ብትል ምን እንመልሳለን? የጤና ባለሙያውን ሳያማክሩ እንዳይተዉት መንገር አንድ ነገር ነው፤ ከስንት ወደ ስንት ጨመረ ብሎ መጠየቅን ግን ልጇ ከእኛ ተምሮ ቤት ሊወስድላት ይችላል።

መቶኛን ስናስተምር ምሳሌያችን ሁልጊዜ የባንክ ወለድና የሸቀጥ ዋጋ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጥስ? 1 ከ7000 እና 2 ከ7000 ሰሌዳው ላይ ይጻፍና ልጆቹ ራሳቸው ሁለት አርእስት ያውጡለት፣ አንዱ የሚያስደነግጥ፣ ሌላው የማያስደነግጥ። ወጪው አንድ ጠመኔ ነው።