ባቡር በሌለበት ጎንደር ባቡር መንዳት

ጎንደር ባቡር የላትም። ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ድረስ ይሄዳል። ታዲያ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር» የሚባል የኮምፒውተር ጌም ለእኛ ምናችን ነው? እኔ ብዙ ነገራችን ነው ባይ ነኝ።

ጌሙ ውስጥ ተኩስ የለም። ፍሬን ዘግይታችሁ ከያዛችሁ ጣቢያውን ታልፉታላችሁ፣ በቃ። እኔን የያዘኝ ግን የጃፓኑ ሂሳትሱ መስመር ነው። ተራራው በቀጥታ ስለማይወጣ ሐዲዱ ይጠመዘዛል፤ ኦኮባ ጣቢያ ላይ ደግሞ ባቡሩ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይርና ወደኋላ እየሄደ ሽቅብ ይወጣል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እንደ መኪና ዳገት አይቧጥጥማ! ይህን ያየ ሰው ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን ሊማሊሞን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ጌሙ የራስን መስመር መሥሪያም ነበረው። ዕድሜውን ያረዘመው ይኸው ነው፤ ሰዎች የየአገራቸውን ሐዲድ ሠሩበት፣ ዛሬም «ኦፕን ሬይልስ» በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይነዱታል። (ስልክ ላይ አይሠራም፤ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ፈልጉ።) ሊማሊሞ ላይ ሐዲድ የሚዘረጋ ልጅ ከጎንደር ቢወጣ፣ «በጌም ጊዜውን ፈጀ» የሚለውን ወሬ እኔ አልሰማም። ዳገቱን፣ ኩርባውን፣ ድልድዩን አንድ በአንድ ማስላት አለበታ።