የሥዕሉ ስምና የሴቲቱ ስም

«ሠዓሊው ሴትን አከበረ» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ማክበር ማለት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም። አሳምሮ ማቅረብ ማክበር ከሆነ፣ በግ ነጋዴም በጉን አሳምሮ ይቀልባል።

የአንኮበሩ ተወላጅ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የአገራችን ኩራት መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1959 የሣሏት ሴት በዓለም ፊት የምትጠራው «የመስቀል አበባ» ተብላ ነው። ሌላይቱም «እናት ኢትዮጵያ» ተባለች። አንዲቱ አበባ፣ አንዲቱ አገር ሆነች፤ ከሁለቱ በገዛ ስሟ የተጠራች የለችም።

«ምልክት መሆን ከሰውነት ይበልጣል» የሚለኝ ይኖራል። ምልክት አይርበውም፣ አይታክተውም፣ መብቱንም አይጠይቅም፤ ሴትን በምልክትነቷ መውደድ የቀለለንም ስለዚህ ነው።

በባሕር ማዶም ነገሩ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1937 ወዳጁን ዶራ ማርን «የምታለቅስ ሴት» አድርጎ ሣላት። እርሷ ራሷ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የታላቁን «ጌርኒካ» አሣሣል ደረጃ በደረጃ ያነሣችው እርሷ ናት። ዓለም ግን የእጇን ሥራ ትቶ እንባዋን አስታወሰ።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን በሌላ መንገድ ሄደዋል። በጣና ሐይቅ፣ በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ማን እንደ ሆኑም ዛሬ ድረስ ይታወቃል። በየደብሩም ሥዕሉን ያሠራው ምእመን የክርስትና ስም ከግርጌ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ ስሙን የሚተወው ሠዓሊው ነው። «እርሳቸው እቴጌ ነበሩ፤ ምእመኑም ገንዘብ ከፍሏል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እንግዲያስ ስም በገንዘብ የሚገዛ ሆኖ ይቅር?

ይህ ለእኛ ለዋግ ሰዎች የቅንጦት ክርክር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በጎረቤታችን በኮረም የተነሡ የእናቶች ፎቶግራፎች ዓለምን ዞሩ፤ የብዙዎቹ ስም ግን አብሮ አልሄደም። ዛሬም በሰቆጣ መንገድ ውኃ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ለሚሥላት ሰው «የዋግ እናት» ብቻ ከሆነች፣ ሸክሟ ታየ እንጂ እርሷ አልታየችም።

ሠዓሊ ሆይ፤ ሣል፣ አልከለክልህም። ነገር ግን አስቀድመህ «ስምሽ ማን ነው?» በላት፤ እንዲጻፍላት ትወድ እንደ ሆነም ጠይቃት። ከፈቀደች ከፊርማህ አጠገብ ጻፈው። ለአንተ ፊርማ የተገኘው ቦታ ለእርሷ ስም አይጠፋም።