ሕመሙን ማን ጠየቀው? ከኮለምበስ ዳውንታውን እስከ ደላንታ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኃላፊነቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። ሕመሙን ያልደበቀ፣ እያቃሰተ ያለ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ “ምን ያህል ያምሃል?” የሚለው ሰው ካጣስ? መልሱን ሰምቶ መድኃኒት የሚሰጠው ካጣስ? ዛሬ የምናነሳው ይህንን ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ አንድ የተጎዳ ሰው ከወደቀበት ቦታ ተነስቶ ሆስፒታል እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚደርስበት ስቃይ።

“አገር እየነደደ ስለ ሕመም ማስታገሻ ምን ያስወራል?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። በእኛ እምነት ግን የማን ስቃይ ይጠየቃል፣ የማንስ ይታለፋል የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ነው። እዚህ በስደት ባለንበት ከተማም፣ እዚያ ጥለነው በመጣነው አገርም።

ከምናውቀው እንጀምር። በኮለምበስ ዳውንታውን በፓርኪንግ፣ በሆቴልና በታክሲ ሥራ የሚውሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። በክረምት በረዶ ላይ ተንሸራቶ እግሩ የተሰበረ ሰው 911 ሲደወልለት የሚመጣው የከተማው የእሳት አደጋ ክፍል አምቡላንስ ነው። እዚያው ዳውንታውን ከፍተኛ የአደጋ ሕክምና ደረጃ ያለው ግራንት ሜዲካል ሴንተር አለ። ይህ በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። ኮለምበስ ለአሜሪካ የአምቡላንስ ሕክምና ፈር ከቀደዱት ከተሞች አንዷ ናት። በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ጄምስ ዋረን “ሃርትሞቢል” የተባለውን፣ ሐኪምና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አሳፍሮ የልብ ሕሙማንን ባሉበት የሚያክም ተሽከርካሪ አስጀመሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራው ሐኪም ሳይጨምር በሠለጠኑ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መካሄድ ጀመረ። ዛሬ ፓራሜዲክ የምንለው ሙያ የተወለደው እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ነው። በፒትስበርግ ደግሞ ከ1967 ጀምሮ “ፍሪደም ሃውስ” የተባለው አገልግሎት፣ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶችን አሠልጥኖ ለአገሪቱ አርአያ የሆነ የአምቡላንስ ሕክምና አሳይቷል።

መጀመሪያ ሁሉም ትኩረቱን በሕይወት ማትረፍ ላይ አደረገ፤ ሕመም ግን ለሆስፒታል የሚተው ጉዳይ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ታለፈ። እንዲያውም “ሐኪም ሳያየው ማስታገሻ ከተሰጠው የበሽታው ምልክት ይጠፋል” የሚል አሮጌ ትምህርት ነበር። በሆድ ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንን ውድቅ አድርገውታል። በ2014 ለአሜሪካ የአምቡላንስ አገልግሎቶች የወጣው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ መመሪያ ቃሉ ግልጽ ነው፦ አደጋ የደረሰበት ሰው ሁሉ ሕመሙ ይለካ፤ ለከባድ ሕመም ሞርፊን ወይም ፈንታኒል በሰውነቱ ክብደት ተመጥኖ ይሰጠው፤ በየ5 ደቂቃው እንደገና ይታይ። ኬታሚንም በብዙ ቦታ ከአምቡላንሱ መድኃኒቶች መካከል ገብቷል።

ፈንታኒል የሚለው ስም ኦሃዮ ውስጥ ለሚኖር ሰው እንደሚያስደነግጥ እንረዳለን። ይህ ክፍለ ግዛት በመድኃኒት ሱስ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የሚሸጠው መርዝና፣ ፓራሜዲክ መጠኑን ለክቶ፣ ትንፋሽና የደም ግፊት እየተከታተለ፣ ማርከሻውን ናሎክሶንን አጠገቡ ይዞ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ አይደሉም። “ሱስ ያስይዘኛል” ብሎ በተሰበረ አጥንት መሰቃየት ጀግንነት አይደለም።

ስቃዩ ደግሞ ሆስፒታል ሲደረስ የሚያበቃ አይደለም። በ2010 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ኢራቅ ውስጥ የቆሰሉ 696 የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ መርምሮ ነበር። በኋላ የጦርነት የአእምሮ ጠባሳ ከታየባቸው መካከል ሞርፊን ያገኙት 61 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልታየባቸው መካከል ያገኙት 76 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ግንኙነቱን አሳየ እንጂ ምክንያቱን በእርግጠኝነት አላረጋገጠም። ቢሆንም ያልታከመ ሕመም ከቁስሉ በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል።

መመሪያው ይህ ከሆነ ተግባሩስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ የሚሆነው። በ1993 በሎስ አንጀለስ በተደረገ ጥናት፣ የእጅ ወይም የእግር አጥንት ተሰብሮባቸው ድንገተኛ ክፍል ከገቡት ሂስፓኒኮች 55 በመቶው ምንም ማስታገሻ አልተሰጣቸውም፤ ከነጮቹ ያልተሰጣቸው 26 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2000 በአትላንታ የወጣው ተመሳሳይ ጥናት፣ ከነጮች 74 በመቶው ማስታገሻ ሲያገኙ ከጥቁሮች ያገኙት 57 በመቶው መሆናቸውን አሳየ። በ2019 ደግሞ ጥናቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ አምቡላንሱ ገባ። በኦሪገን ክፍለ ግዛት ከ100 ሺህ በላይ የአምቡላንስ መዝገቦች ሲመረመሩ፣ ሂስፓኒኮችና እስያውያን ሕመማቸው የመለካት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማስታገሻ በማግኘት ረገድ ግን ጥቁሮችን ጨምሮ ሁሉም ከነጮች ያነሱ ነበሩ። በ2016 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ “የጥቁር ቆዳ ወፍራም ነው” እንደሚለው ያለ ቢያንስ አንድ ሐሰተኛ እምነት እንዳላቸው አረጋግጧል።

በዚህ ላይ የእኛው ባህል ይጨመርበት። “ሃው አር ዩ?” ሲባሉ እናታችን “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ይላሉ፤ አባታችን “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። ጨዋነት ነው። በፓራሜዲኩ መዝገብ ላይ ግን “ሕመም የለም” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቀጥሎ “ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡኝ” ሲባሉ ደግሞ ቋንቋችን ሕመምን በቁጥር አያውቀውም። ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዘንዘኛል እንላለን፤ እያንዳንዱ ቃል ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። ያንን ሁሉ የ10 ዓመት የልጅ ልጅ “ሺ ሴይስ ኢት ኸርትስ” ብሎ ሲተረጉመው ምን ይቀራል?

ሕጉ ለልጅ አልተወውም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛ ክፍል ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ያዛል፤ የቋንቋ አገልግሎት መብት የቆመው በዚህ ላይ ነው። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህንን የሚያጠናክር ትእዛዝ አውጥተው ነበር፤ በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ባደረጉበት ትእዛዝ ሽረውታል። ትእዛዙ ቢሻርም ሕጉ ግን አልተሻረም። ይህንን ልዩነት የማያውቅ ማኅበረሰብ መብቱን በዝምታ ይነጠቃል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሻገር። እዚህ የምናማርረው ማስታገሻው አምቡላንሱ ውስጥ እያለ ስለሚነፈግ ነው። እዚያ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱም፣ ባለሙያውም የሉም። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ከተከፋፈለው 298.5 ሜትሪክ ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ለድሃ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። የድሃው ዓለም ስቃይ በሚዛን ሲቀመጥ ይህን ያህል ነው።

የተሠራ ነገር የለም አንልም። የቀይ መስቀል አምቡላንሶች በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መሠረቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2010 ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል። ኬታሚንም በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ መድኃኒት ነው። እውቀቱም ሰዎቹም አሉ ማለት ነው።

የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት የመንግሥት ጋዜጣን አሠራር ማወቅ ይረዳል፤ እኛም ከውስጥ እናውቀዋለን። የአምቡላንስ ርክክብ ሲኖር ባለሥልጣኑ ቁልፍ ሲያስረክቡ ፎቶ ይነሳል፣ የመኪናው ቁጥር ይጻፋል። ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን መድኃኒት እንዳለ፣ ሲያልቅ ማን እንደሚተካው ዜና አይሆንም። የመኪና ብዛት የሥራ ውጤት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ተኝቶ የሚያቃስተው ግን አይቆጠርም።

ይባስ ብሎ ያለውም አምቡላንስ የጦርነት ዒላማ ሆኗል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በአማራ ክልል ግጭት በሕክምና ባለሙያዎች፣ በጤና ተቋማትና በአምቡላንሶች ላይ የተፈጸሙ ጥቃቶችን ዘርዝሯል። ከነዚህ አንዱ በኅዳር 2023 መጨረሻ በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ አምቡላንስ የመታውና ሰላማዊ ሰዎች የሞቱበት የድሮን ጥቃት ነው። በትግራይም በሰኔ 2021 ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በሥራ ላይ እያሉ ተገድለዋል። አምቡላንስ በሚመታበት አገር ቁስለኛ ማስታገሻ ይቅርና ወደ ሐኪም የሚወስደው መኪና እንኳ አያገኝም።

ታዲያ እኛስ? በውጭ ያሉ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው አምቡላንስ ገዝተው መላክ ልማዳቸው ነው፤ የሚያስመሰግን ነው። ከእንግዲህ ግን ቁልፍ ከማስረከብ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከኋላ የሚቀመጠው ባለሙያ ማን ነው? የትኛውን ማስታገሻ ለመስጠት ተፈቅዶለታል? መድኃኒቱ ሲያልቅ ከየት ይተካል? መልስ ከሌለ የገዛነው ታክሲ ነው።

በኮለምበስ ደግሞ ሥራው በእጃችን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ማኅበሩ አንድ እሑድ ከሰዓት መድበው አረጋውያንን “ፔይን” የሚለውን ቃልና “አማርኛ አስተርጓሚ” ብሎ መጠየቅን ያስተምሩ፤ ትግርኛም ኦሮምኛም ለሚናገሩት እንዲሁ። ከተማውን ደግሞ የአምቡላንሱ የሕመም ምዝገባና ማስታገሻ በዘርና በቋንቋ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ እንጠይቅ። ኦሪገን ውስጥ ልዩነቱ የታወቀው መዝገቡ ተቆጥሮ ነው። እዚህ የምንኖረው ግብር ከፍለን ነው፤ ብዙዎቻችንም ድምፅ እንሰጣለን። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አዳራሹም እዚያው ዳውንታውን ነው።