«ውሻው ይውጣ ስለው ‘እኔም አብሬው እወጣለሁ’ ይለኛል»

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከበደሳ ከተማ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላናለች፤ አደራዋን ጠብቀናል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የባልና የሚስት ጠብ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የአንድ ሕፃን ትንፋሽ አለበት። ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«ውድ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 33 ነው። ትዳር ከያዝኩ 11 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ቡና ነጋዴ ነው። ጀንፈል ከገበሬ ሰብስቦ ጭኖ ይሄዳል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ውጪ ያድራል። ያኔ ጠባቂያችን ቡቺ ነው። ቡቺ ጀግና ውሻ ነው፣ አልዋሽም። አምና ሌባ የጓሮውን አጥር ጥሶ ሲገባ ሰፈሩን የቀሰቀሰው እሱ ነው።

«ችግሩ የመጣው ጅብ የጎረቤታችንን ውሻ ከደጃፍ ላይ ነጥቆ ከበላው በኋላ ነው። ባለቤቴ ‘የኔ ውሻ የጅብ ራት አይሆንም’ ብሎ ማታ ማታ ቤት ማስገባት ጀመረ። ከልጆቹ መኝታ በር ሥር፣ ከቡናው ጆንያ አጠገብ ይተኛል። ከዚያ ወዲህ የ7 ዓመቱን ልጄን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሲያስነጥስ ይውላል። ጤና ጣቢያ ወስጄው ‘አስም ነው፣ አለርጂ ይመስላል፣ ቤት ውስጥ እንስሳ ካለ አርቁ’ አሉኝ።

«ለባለቤቴ ስነግረው ‘እኔ ከውሻ ጋር ነው ያደግሁት፣ አንድ ቀን አስሎኝ አያውቅም’ አለኝ። አማቴም ‘ብርድ ነው የመታው፣ ፌጦ ስጪው’ ይላሉ። ውሻው ይውጣ ስለው ‘እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ’ ይለኛል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ‘እሱ መንገድ ሲሄድ በሥጋ መርዝ አድርጊና ተገላገዪው’ አለችኝ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሐሳቡ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጄ ሌሊት ቁጭ ብሎ አየር ሲያጥረው ሳይ ምንም ከማድረግ አልመለስም እላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የመርዙን ነገር እንዝጋው። መርዝ የበላ ውሻ ግቢ ውስጥ ያስመልሳል፤ ልጆችሽም ዶሮዎችሽም የሚውሉት እዚያው ነው። የተረፈውን ሥጋ የጎረቤት ውሻ ሊያገኘው ይችላል። ባለቤትሽ የደረሰበት ቀን ደግሞ ትዳርሽ አብሮ ይመረዛል። ይህ ሁሉ ሆኖም ልጅሽ በማግስቱ አይድንም። ለምን እንደሆነ እንንገርሽ።

ጥፋተኛው ፀጉሩ አይደለም

ብዙ ሰው የውሻ አለርጂ ከፀጉር የሚመጣ ይመስለዋል። ልጁን የሚያስለው በውሻው ምራቅ፣ በቆዳው ፎሮፎርና በሽንቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ውሻ ሰውነቱን ይልሳል፤ ምራቁ ፀጉሩ ላይ ይደርቅና ረግፎ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ አየር ላይ ሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ መጋረጃና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ውሻው ከቤት ከወጣ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ውጪ አሳደርነው፣ ልጁ ግን አልተሻለውም» ብሎ ውሻውን ነፃ ማውጣት አይቻልም።

«አለርጂ» የሚለውን ቃል በፈረንጆች 1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በእኛ ቋንቋ የሰውነት ቁጣ ልንለው እንችላለን። ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነን ነገር የአንዱ ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣበታል። ስለዚህ አባት ከውሻ ጋር አድጎ አንድ ቀን አለማሳሉ ስለ ልጁ ምንም አይነግረንም። ወንድማማቾች እንኳ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ አይቆጣም።

ለባለቤትሽ ፍርድ እንዳናጓድል ግን አንድ ነገር እንጨምር። ስዊድን ውስጥ ተደርጎ በፈረንጆች 2015 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በተወለዱ በመጀመሪያው ዓመት ቤታቸው ውሻ የነበረ ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ዕድሜ አስም የያዛቸው ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ከውሻ ጋር ማደግ ለአንዳንዱ ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። ሰውነቱ አንዴ መቆጣት ለጀመረ የ7 ዓመት ልጅ ግን ይህ መድኃኒት አይሆነውም። እሱን የሚያድነው መራቅ ነው።

«አለርጂ የማያመጣ የፈረንጅ ውሻ አለ» የሚል ወሬም ሳትሰሚ አትቀሪም። በ2009 ባራክ ኦባማ ኋይት ሐውስ ሲገቡ ከልጆቻቸው አንዷ አለርጂ ስላለባት «ይሻላል» የተባለ የፖርቱጋል ዘር ውሻ ነበር የተመረጠላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ግን እንዲህ ዓይነት ውሾች ያሉበትን ቤት አቧራ ከሌላው ቤት ጋር ሲያስተያይ ልዩነት አላገኘበትም። ስለዚህ ውሻ በውሻ ለመለወጥ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ውሻው ብቻ ነው ወይ?

ጤና ጣቢያው ያለሽ «ይመስላል» ነው። ቆዳ ላይ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። አንቺ ግን ደብተርና እስክርቢቶ አለሽ። ልጁ ያሳለበትን ሌሊት፣ ውሻው የት እንዳደረ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተጨሰ፣ ጆንያው የት እንደነበረ ለአንድ ወር ጻፊ። ያ ደብተር ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል።

ጆንያውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥሬ ቡናና የገለባው ብናኝ ራሱ መተንፈሻን ያስቆጣል። በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት የሳንባቸው አቅም ቀንሶ አግኝቶታል። የሐረርጌ ቡና ደግሞ ከነልጣጩ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ አቧራው ብዙ ነው። ጀንፈሉ ከልጆች መኝታ አጠገብ ሊቀመጥ አይገባውም።

ጭሱንም አትርሺው። ጅማና አካባቢዋ ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስለ አስምና አለርጂ ብዙ ተጠንቷል። በ1997 የወጣው ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 የወጣው ደግሞ በቤት ውስጥ ላምባ የሚያነድዱ ሰዎች አለርጂ እንደሚበዛባቸው አገኘ። ከሰል፣ እጣንና የማገዶ ጭስ አለርጂ ባይሆኑም የቆሰለን ደረት ያብሳሉ። ቡናሽን አፍዪ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ግን አታጭሺ።

ጠቡ ከውሻው ነው ወይስ ከጅቡ?

አሁን ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው። ሰውየው ውሻውን ቤት ያስገባው በፍቅር ተሸንፎ አይደለም፤ ጅብ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱም የሞኝ አይደለም። ሐረር ላይ ሌሊት ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበለውን ጅብ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የሐረርጌ ጅብ ሰው አያፍርም፣ ውሻም ያምረዋል። አንቺ «ውሻው ይውጣ» ስትይው እሱ የሚሰማው «ጅብ ይብላው» ነው። «እኔም እወጣለሁ» ያሰኘው ይኸው ነው።

ስለዚህ ቃሉን ለውጪው። «ውሻው ይውጣ» አትበዪ፤ «ለቡቺ ጅብ የማይደፍረው ቤት እንሥራለት» በዪው። ድንጋይ ወይም ወፍራም እንጨት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ማታ ከውጪ የሚቀረቀር ጠንካራ በር፣ የጅብ አፍ የማያስገባ የአየር ቀዳዳ። ቦታው ከልጆቹ መስኮት ራቅ ይበል። «ታዲያ ተዘግቶበት እንዴት ይጠብቀናል?» ካለሽ፣ አምና ሌባውን ያባረረው የቡቺ ጩኸት መሆኑን አስታውሺው። ጩኸት ደግሞ በር አያግደውም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአካባቢያችሁ ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ውሻ ለጥበቃ ቢያስቀምጡም ቤት አያስገቡትም፤ ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ያጥባሉ። በክርስቲያኑም ዘንድ መግቢያ ያጣ ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» ይባላል። ሁለቱም ወገን የውሻ ቦታ ደጅ ነው ብሎ የኖረ ነው። ለልጅሽ የታዘዘለትም ይኸው ነው።

ለባለቤትሽ የምትነግሪው ደግሞ ከመንገድ በገባ ሌሊት፣ ደክሞት ሳለ አይሁን። አርፎ፣ በልቶ፣ ቀን ላይ ይሁን። ቀጥሎ ልጁ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እሱ ራሱ ይውሰደው። ከአንቺ አፍ ሲሰማ ጭቅጭቅ የሚመስለው ነገር ከሐኪሙ አፍ ሲሰማ ሌላ ነው። ልጁ በሚያስለው ሌሊት ቤት ካለም አትሸፍኚለት፤ ቀስቅሺውና አብሮሽ ይቀመጥ። አማትሽን ፌጦ ጎጂ ነው ብለሽ አትሟገቻቸው፤ መድኃኒቱን እስካላስቆሙ ድረስ ጠብ አያስፈልግም።

የቤቱ ሥራ

ቡቺ በወጣ ቀን አንሶላውን፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ እጠቢ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተሽ አራግፊው፤ ከተቻለ በፕላስቲክ ሸፍኚው። ግድግዳውንና የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ወለሉ አፈር ከሆነ ውሃ ረጭተሽ ጥረጊ፤ ስትጠርጊ ልጁ ውጪ ይሁን። አንሶላውን በየሳምንቱ እጠቢ።

ብናኙ በልብስም ይጓዛል። ውሻ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ በተማሪ ልብስ ተሸክሞ ሲገባ ተገኝቷል። ባለቤትሽ ቡቺን ዳብሶ ሲገባ እጁን ይታጠብ፣ ጃኬቱን ደጅ ይስቀል፣ ልጁን ከዚያ ይቀፈው። ውሻውን ማጠብ ይረዳል፤ ግን ጥቅሙ የጥቂት ቀናት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልሆነ ይመለሳል። ውሃ በጄሪካን ለሚቀዳ ቤት ይህ ከባድ ስለሆነ አንመካበት። የሚያጥበው ደግሞ ልጁ አይሁን።

መድኃኒቱና አደጋው

አስም በጽዳት ብቻ አይያዝም። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ፓፍ ሊያዝ ይችላል። አንዱ ሲያፍን የሚነፋው ሳልቡታሞል ነው፤ ሌላው ልጁ ደህና ሲሆንም በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ነው። ብዙ እናቶች «ተሽሎታል» ብለው ሁለተኛውን ያቋርጣሉ፤ አስሙም ይመለሳል። የማስነጠሻና የማሳከኪያ እንክብል ለዓይንና ለአፍንጫ ይረዳል፤ ደረቱን ግን አይከፍትም።

ሕፃን ፓፍ በቀጥታ መሳብ ያቅተዋል። በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ቂጡ ተበስቶ ፓፉ የተገጠመበት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ዙሪያው በደንብ ከታሸገ፣ በውድ ከሚገዛው ዕቃ ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል። የሃይላንዱን ላስቲክ አትጣይው፤ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂና እንዴት እንደሚገጠም ያሳዩሽ።

ይህችን ደግሞ ግድግዳ ላይ ጻፊያት፦ ልጁ ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካልረዳው እንዳይነጋ አትጠብቂ። ፓፉን እየሰጠሽ ባገኘሽው መኪና ወደ ገለምሶ ወይም ወደ ጭሮ ሆስፒታል ውሰጂው። ለዚህ ቀን የሚሆን ገንዘብና የሾፌር ስልክ ቁጥር አስቀድመሽ አዘጋጂ፤ ባለቤትሽ ውጪ በሚያድርበት ሌሊት ይበልጥ ያስፈልግሻል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ መድኃኒቱም በትክክል ተወስዶ፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ልጁ ካልተሻለውና ደብተርሽም ወደ ውሻው ካመለከተ፣ ቡቺ ከግቢው ይውጣ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። በእናንተ አካባቢ ሌሊት ጫቱን ከሌባ የሚጠብቅለት ውሻ የሚፈልግ ገበሬ አይጠፋም፤ ባለቤትሽ ራሱ መርጦ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቦ ያስረክበው። እሱ የሰጠው ውሻ ቂም አይሆንም።

ባለቤትሽ ይህን ጋዜጣ ካነበበው ለእሱም አንድ ቃል አለን። ወንድማችን፣ ቡቺን ከጅብ ለማዳን በርህን ከፍተህለታል። አሁን ደግሞ ለልጅህ በሩን ዝጋለት።

ለሌሎቻችሁም ችግራችሁን ጻፉልን፤ እንመካከራለን።