ሮቶውን ማን ጠጣው?

ማታ ሮቶው ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃ ነበረ። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ለማድረግ ቧንቧውን ሲከፍቱ ግን የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ሌሊቱን ልብስ ያጠበ የለም፤ ግቢው ውስጥም የረጠበ ቦታ አይታይም። እንዲህ ከገጠመዎት ሌላውን ከመጠርጠርዎ በፊት ወደ መጸዳጃ ቤት ይግቡና ጸጥ ብለው ያዳምጡ። ብዙ ጊዜ ሌባው እዚያ ነው፤ የሽንት ቤቱ ታንክ ቫልቭ።

ከሚሴ የምትገኝበት የጨፋ ሸለቆ ውሃ አጥ አይደለም። ቦርከና ያቋርጠዋል፤ ረግረጉም በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮችን ከብቶች ያጠጣል፣ ያሰማራል። ወደ ቤታችን የሚገባው ውሃ ግን በቧንቧ ተገፍቶ የመጣ፣ የተከፈለበት ውሃ ነው። በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ የባከነው የሚተካው ተራው ሲመጣ ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ቢፈስ፣ በ24 ሰዓት 288 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን ከ14 በላይ ነው። 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይደርቃል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚገባው ደግሞ የፍሳሽ ጉድጓድዎ ውስጥ ስለሆነ፣ የመምጠጫ መኪና የሚጠሩበት ቀንም ይቀርባል። ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ ማለት ነው።

መጀመሪያ ይመርምሩ

የታንኩን ክዳን ያንሱ። ሴራሚክ ከሆነ በቀላሉ ስለሚሰበር ፎጣ ላይ አጋድመው ያስቀምጡት። ውስጡ ያለው ውሃ ንጹሕ ነው፤ እጅዎን ለማስገባት አይጸየፉ። በአንድ ወገን ተንሳፋፊ ያለው የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ያያሉ። መሐል ላይ ደግሞ መልቀቂያው አለ፤ ከሥሩ የጎማ መድፈኛ፣ ከላይ ትርፍ ውሃ የሚወርድበት ቱቦ አለው።

ውሃው እስከ ቱቦው አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ከሆነ ችግሩ ማስገቢያው ላይ ነው። ተንሳፋፊውን በእጅዎ ወደ ላይ ያንሱት። ውሃው ከቆመ የሚያስፈልገው ማስተካከል ብቻ ነው። ካልቆመ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፣ ወይም ጎማው አልቋል።

ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ሆኖ ታንኩ በየጊዜው ራሱን የሚሞላ ከሆነ ቀይ ሥር ቀቅለው አንድ ብርጭቆ ውሃውን ታንኩ ውስጥ ይጨምሩ። ለ30 ደቂቃ ማንም አይጠቀም። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የሚያፈሰው የታችኛው ጎማ ነው።

ከዚያ ይጠግኑ

ማስገቢያውን ለማስተካከል የተንሳፋፊውን ብሎን በካቻቪቴ ያዙሩ። ዘንግ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ ዘንጉን ቀስ ብለው ወደ ታች ያጉብጡት። ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

አሸዋ ወይም ጎማ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ፤ የቫልቩን ራስ ፈትተው ያጽዱት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ደፍራሽ ስለሚሆን ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል።

ለታችኛው ጎማም መዝጊያውን ይዝጉና ታንኩን ባዶ ያድርጉት። ባለ ቁልፍ የሆነው መልቀቂያ ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይነሳል። ጎማውንና የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ይጥረጉ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ በአቼቶ አርሰው ያስለቅቁት፤ በቢላ ግን አይፋቁት፤ ጭረቱ ራሱ ሌላ ማፍሰሻ ይሆናል። ጎማው ደርቆ ወይም ተሰርጉዶ ከሆነ አሮጌውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ በግምት የተገዛ አይገጥምም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ታንኩ ውስጥ በረኪና አይጨምሩ። ጎማን ቶሎ ያደርቃል።

ታንኩ ከተሰነጠቀ፣ የግድግዳው መዝጊያ አልዘጋ ካለ ወይም ግድግዳው ራሱ ከረጠበ ግን ባለሙያ ይጥሩ። ከዚያ ውጭ ያለው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለልጆችዎም ያሳዩዋቸው፤ የቀይ ሥሩን ሙከራ ይወዱታል። ረመዳን ገብቶ፣ ዒድ ደርሶ ቤቱ በእንግዳ ከመሙላቱ በፊት አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ያን ሰሞን ሮቶው የሚበቃው ለሰው ብቻ ነው።