መርማሪዋ ሔዋን

አንዳንድ የትምህርት ጓደኞቻችን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብን ከሥራ ፈትነት ይቈጥሩታል። በተለይም መጽሐፉ ፍቅርና ነፍስ ግድያ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ወቀሳው ይበረታል። እኛ ግን ነገሩን በሌላ ፊት ልናየው እንወዳለን።

አሜሪካዊቷ ኖራ ሮበርትስ ጄ. ዲ. ሮብ በሚል የብዕር ስም «ኢን ዴዝ» የተባለውን ተከታታይ ልብ ወለድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2025 ከ60 መጻሕፍት አልፏል። ታሪኩ የሚጀምረው ኒው ዮርክ ውስጥ በ2058 ነው። ደራሲዋ 30 ዓመት ስትጽፍ ባለታሪኮቹ ያረጁት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። (እኛ እዚህ ግቢ ውስጥ በአንድ የፈተና ወር ከዚያ ይበልጥ እናረጃለን።)

መርማሪዋ መቶ አለቃ ኢቭ ዳላስ ትባላለች፤ ኢቭ ማለት ሔዋን ነው። በስምንት ዓመቷ ዳላስ ከተማ ውስጥ ተጐድታ ስለ ተገኘች የከተማው ስም የአባት ስም ሆነላት። ወላጅ አባቷ የሠራባትን ግፍ እዚህ አንዘረዝረውም። ኋላ የምትወደው ባለጸጋ ሮርክ ደግሞ ራሷ በምትመረምረው ግድያ ከተጠረጠሩት አንዱ ነው። ልቧን ካራራው ስጦታ አንዱ ምን መሰላችሁ? ቡና! በዚያ ዘመን እውነተኛ ቡና ብርቅ ሆኗልና። የሐረር ቡና ለብዙ ዘመን በባቡር በተጫነባት በድሬዳዋ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም።

ብዙ ደራስያን ፍቅረኞቹ ከተጋቡ ልብ ማንጠልጠሉ ያበቃል ብለው ስለሚፈሩ ሠርጉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያቆዩታል። እዚህ ግን ሦስተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ሠርጉም አለቀ። ከዚያ ወዲያ የምናነበው ትዳር ነው፤ ሚስት ሬሳ ተገኘ ተብላ ከእራት ትነሣለች፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ገዳዩን ከመገመት ይልቅ እነዚህ ሁለቱ እንዴት ከረሙ የሚለው ጥያቄ ነው የሚስበን። ጉድለት የለበትም አንልም። የሮርክ ገንዘብ የማይከፍተው በር የለም፤ ይህ የደራሲ ስንፍና ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በአገራችን በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ ብዙ ጊዜ «ገመና ነው» ተብሎ በሽማግሌ ይሸፈናል። በመጀመሪያው መጽሐፍ የሚገደሉት በገላቸው የሚያድሩ ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ የሴናተር የልጅ ልጅ ናት። ኢቭ ግን የራሷን ቍስል ተሸክማ ለሁሉም እኩል ትደክማለች። ይህን ማንበብ ሥራ ፈትነት ከሆነ ሥራ ፈቶች ነን።

የእኛስ? ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን በአማርኛ አስነብቦናል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አውጥቶ፣ ታሪኩን በ«ራማቶሓራ» ስለ ቀጠለ ተማሪው ተሻምቶ አነበበው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቴሌቪዥን የታየውን «ሰው ለሰው»ንም አልረሳነውም፤ ነገር ግን ሁላችን ስሙን የምንጠራው አበበ ባልቻ የተጫወተውን ክፉውን አስናቀን ነው። ወንጀሉን ሲከታተል የነበረውን ፖሊስ ስም የሚነግረን ስንቱ ነው?

በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየጠየቀች ከከዚራ ጥላ እስከ መጋላ ገበያ የምትመላለስ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ዱካ የምትፈልግ መርማሪ ብትኖረን ምን አለበት? ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር የጀመረ ካለ ሁለተኛውን ክፍል ሳይጽፍ እንዳያቆም እንለምነዋለን።